ጠያቂ ሞልቷል፤ አስታማሚውን ለጥቂት ሰዓት የሚተካው ማን ነው?

ከታቦር ግርጌ (የክሩ ጀማሪ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እኔ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። እናቴ የመርሳት በሽታ ካደረባት ወዲህ አብራኝ ትኖራለች፤ ቀን የምትጠብቃት ታናሽ እህቴ ስትሆን ከሥራ መልስና ሌሊቱን እኔ እረከባታለሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ስለ እናቴ ሕክምና ለመጠየቅ አይደለም፤ በዚያ በኩል ሐኪሞቿ የሚነግሩንን እንከተላለን። የምጽፈው ስለ እህቴና እንደ እርሷ ደመወዝም፣ የዕረፍት ቀንም፣ ተተኪም ሳይኖራቸው በየቤቱ ስለሚያስታምሙ ሰዎች ነው።

በአገራችን የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም፤ ይህም ልንጠብቀው የሚገባ ትልቅ ሀብት ነው። ጎረቤት ይመጣል፣ የጽዋ ማኅበርተኛ ይመጣል፣ ዘመድ ከይርጋለምና ከአለታ ወንዶ ድረስ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡናውን የምታፈላው፣ የሕመሙን ነገር ከመጀመሪያው አንስታ የምትተርከው፣ እንግዳውን ሸኝታ ስኒውን የምታጥበው ያችው አስታማሚ ናት። ጠያቂው ሕመምተኛዋን አይቶ፣ አስታማሚዋን "በርቺ፣ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልሽ" ብሎ መርቆ ይሄዳል። ምርቃቱን እህቴም እኔም በደስታ "አሜን" ብለን እንቀበላለን። እርሷ ግን ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋት፣ አንድ የሚታመን ሰው መጥቶ "እኔ እዚህ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ሄደሽ ተኚ፣ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ" እንዲላት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ለአስታማሚ የጎደለው ነገር ተረካቢ፣ ማለትም ሥራውን ለጥቂት ሰዓት የሚቀበለው ሰው ነው። ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ይረከባሉ፣ ወንዶቹ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር ያድራሉ፤ ቤተሰቡ ከማልቀስ በቀር ምንም ሥራ እንዳይነካ ይደረጋል። ያ ሁሉ የተደራጀ ጉልበት ሰውየው በሕይወት እያለ፣ አስታማሚውም ሳይወድቅ፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ወደ ቤቱ የማይደርሰው ለምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ፣ ወይም ሐሳቡ አይሠራም የምትሉ፣ ምክንያታችሁን ብትጽፉልኝ በአክብሮት አነባለሁ።

ጡረተኛው ከሐይቅ ዳር፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን በቤትሽ አስቀምጠሽ መጦርሽ የሚያኮራ ነው፤ ፈጣሪ ዋጋሽን ይክፈልሽ። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ወላጅን መጦር በረከት እንደሆነ ተምረን ያደግን ሰዎች ነን። ዛሬ ዛሬ ሁሉም ነገር "ጫና" እየተባለ ሲጻፍ ሳይ፣ ነገ ልጆቻችን እኛን እንደ ሸክም መቁጠር እንዳይጀምሩ እፈራለሁ። ደክሞኛል የሚለው ቃል በሕመምተኛው ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚያደርግም አስቡት። አንድ አረጋዊ ለልጁ ሸክም ሆኛለሁ ብሎ ካሰበ መድኃኒቱን ትቶ ሞቱን መለመን ይጀምራል።

ከታቦር ግርጌ፦

አባቴ፣ ስጋትዎ በቦታው ነው፤ እናቴ ፊት ይህ ነገር አይነሳም። ሆኖም በረከት መሆኑና ማድከሙ የሚጋጩ አይመስለኝም። ሁዳዴን የሚጾም ሰው ይደክመዋል፤ ድካሙ ጾሙን አያረክሰውም። እኔ የምፈራው ድካሙ ሳይነገር ሲቀር የሚከተለውን ነው፤ ያልተኛች አስታማሚ ትቆጣለች፣ መድኃኒት ታዛባለች፣ በመጨረሻም ራሷ ትታመማለች። ያን ጊዜ የሚጎዱት በመጀመሪያ እናታችን ናቸው።

የውስጥ ደዌ ነርስ፦

በዚህ ከተማ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ከዚህ በላይ በተነሳው ላይ ከሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። በስትሮክ ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስ ሰው ጀርባው፣ ዳሌውና ተረከዙ እንዳይቆስል በአልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት ለቤተሰብ እንነግራለን። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በየሁለት ሰዓቱ ሕመምተኛውን የሚያገላብጥ ሰው እርሱ ራሱ በየሁለት ሰዓቱ ይነቃል ማለት ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህንኑ ሥራ በሆስፒታል የምንሠራው በፈረቃ ነው፤ የጠዋቱ ለማታው፣ የማታው ለሌሊቱ ያስረክባል፣ ርክክቡም በጽሑፍ ይያዛል። ሕመምተኛውን ወደ ቤት ስንልከው ግን ሁሉንም ፈረቃ ለአንዲት ሴት ልጅ ወይም ለአንዲት ሚስት አስረክበን እንሸኛታለን። ይህ የፍቅር ማነስ ወይም መብዛት ጉዳይ ሳይሆን የሰው አካል የሚችለውና የማይችለው ጉዳይ ነው።

ወገብን በተመለከተ፣ አብዛኛው የቤት አልጋ ዝቅተኛ ስለሆነ አስታማሚው ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያለብሳል። የአልጋውን አራት እግሮች በጠንካራ እንጨት ወይም በብሎኬት፣ እንዳይንሸራተት ተደርጎ፣ ከፍ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ሕመምተኛውን በብብቱ ይዞ ከመጎተት ይልቅ ከሥሩ በታጠፈ አንሶላ ሁለት ሰው ሆኖ ማንሸራተት ለሁለቱም ይሻላል። ማንሳት ግድ ሲሆን ጉልበትን አጥፎ፣ ሕመምተኛውን ወደ ራስ አስጠግቶ ነው እንጂ ወገብን አጥፎ አይደለም። ይህን ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን በኮሪደር ላይ በችኮላ መናገር አይበቃም፤ አስታማሚው እጁን አስገብቶ፣ ባለሙያ እያየው ሊለማመደው ይገባል። ሕመምተኛችሁ ከመውጣቱ በፊት "እኔ ልሥራውና እዩኝ" ብላችሁ የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ እወቁ።

ስለ አእምሮ ጭንቀት ደግሞ፣ የአስታማሚዎችን ጫና ለመለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት፣ ዛሪት በተባሉ ተመራማሪ ስም የሚጠራ 22 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ለራሳችሁ የሚሆን ጊዜ አጥታችኋል ወይ፣ ጤናችሁ ተጎድቷል ወይ፣ ሕይወታችሁ ከእጃችሁ የወጣ ይመስላችኋል ወይ እያለ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ለሚያስታምሙ ሰዎች አይሰፖርት የተሰኘ ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ከአምስቱ ክፍሎቹ አንዱ ስለ አስታማሚው ስለ ራሱ ነው። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን ካዘነ፣ ወይም ቀድሞ ደስ ይሉት የነበሩ ነገሮች ምንም ካልመሰሉት፣ ከዚያም ጋር እንቅልፍና ምግብ ከተዛባበት፣ ይህ ሕክምና ያለው ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂድ። በተጨማሪም የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን እያቋረጡ የሌላ ሰው መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጡ አስታማሚዎችን በየጊዜው አያለሁ። ሕመምተኛችሁን ለክትትል ስታመጡ የእናንተም ግፊት እንዲለካ ጠይቁ።

የፈረቃ ሠራተኛ፦

እኔ በልብስ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አባቴ በስትሮክ ሲወድቅ ከወንድሞቼ ሁለቱ ባለትዳር፣ አንዱ ሹፌር ስለሆኑ፣ ሴት ልጅም እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ማንም ሳይሰበሰብና ሳይመክር ነገሩ በእኔ ላይ አረፈ። የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ያለ ደመወዝ ጥቂት ቀን ተሰጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥራዬን ለቀቅኩ። አባቴን በማስታመሜ አልተቆጨሁም። የሚከነክነኝ የሰው ሁሉ ንግግር "ሥራ የላትምና እሷ ትጠብቀው" የሚል መሆኑ ነው፤ ሥራ ያጣሁት እርሱን ስለምጠብቅ መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ሕጉ ለእንደኔ ዓይነቱ ምን ይላል? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፦

እህቴ፣ በሕግ ሙያ የምሠራ ስለሆንኩ በግልጽ ልንገርሽ። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየተጨማሪ ሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይታከልበታል። የሕመም ፈቃድ የተደነገገው ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። የቅርብ ዘመድ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለ፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻላል፤ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። አባት ሲሞት ደመወዝ ያለው ፈቃድ ሲኖር፣ አባት እንዳይሞት ለማስታመም ግን ያለ ክፍያ አምስት ቀን ብቻ መኖሩ፣ የክሩ ጀማሪ ስለ ዕድር ካነሱት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሕጋችንም ማኅበራችንም ለሞት የተዘጋጁትን ያህል ለረጅም ሕመም አልተዘጋጁም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉዳት ደግሞ ጡረታ ነው። በግል ድርጅት ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በጡረታ ዕድሜ የዘላቂ አበል ባለመብት ለመሆን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራ የለቀቀች አስታማሚ የዛሬውን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የእርጅናዋን አበልም ልታጣ ትችላለች። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ልጆችን ብቻ ሳይሆን እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ሌሎች የቅርብ ቤተሰብ አባላትም ይጠቅሳል። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር ወቅት ከአዋጁ የተሻለ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ፤ አዋጁ ዝቅተኛውን ወሰን እንጂ ጣሪያውን አላስቀመጠም። በሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች ይህን ጥያቄ ለማኅበራችሁ አቅርቡ።

አንድ ቁጥር ልጨምርና ላብቃ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያልተከፈለበት የእንክብካቤና የቤት ሥራ እንደሚሠራ፣ ከዚህም 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች እንደሆኑ ገምቷል። "ሥራ የላትም" የሚሉሽ ሰዎች ሥራሽን አላዩትም።

ከፍራንክፈርት፦

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የእንክብካቤ መድን የሚባል አስገዳጅ መድን አለ። ቤተሰቡን በቤት የሚያስታምም ሰው መሥፈርቱን ካሟላ የጡረታ መዋጮው ከዚያ መድን ይከፈልለታል፤ ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ ለተተኪው የሚሆን ወጪም ይሸፈናል። አገራችን ነገ ተነሥታ ይህን ታድርግ ማለቴ አይደለም፤ የሀብት መጠናችን የተለያየ ነው። ነገር ግን የተተኪ ሰዓት በገንዘብ የሚተመንና በሕግ የሚታወቅ ነገር መሆኑን ሳይ፣ እኛ በውጭ ያለን ልጆች በየወሩ የምንልከውን ገንዘብ በሌላ ዓይን እንድናየው አድርጎኛል። እኛ የምንልከው ለመድኃኒትና ለአስቤዛ ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በግልጽ "ይህ አስታማሚዋ የምታርፍበት ነው" ተብሎ ለተተኪ ሰው ቢመደብ ብዙ ይለውጣል። ስንደውልም ከእናታችን ጋር ብቻ አውርተን ስልኩን ባንዘጋ መልካም ነው።

ከታቦር ግርጌ፦

ወንድሜ ከፍራንክፈርት፣ ያነሱት ነጥብ በብዙ ቤት ቅሬታ የሚወልድ ስለሆነ በደንብ ልንነጋገርበት ይገባል። ገንዘብ የሚልክ ልጅ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ይላል፤ የምታስታምም ልጅ ደግሞ ገንዘቡን የሚልክ ሁሉን ነገር እያዘዘ ሌሊቱን ግን እንደማያውቀው ይሰማታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ስለማይነጋገሩ ቂም ይሆናል። ከላይ እህታችን "ማንም ሳይሰበሰብና ሳይመክር" ያለችው የነገሩ ሥር ይመስለኛል። በሲዳማ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ ነገሩን ሰምተው፣ እያንዳንዳቸውም ሐሳባቸውን ሰጥተው ካልሆነ ወደ ውሳኔ አይኬድም። መሬት፣ ጋብቻና ጠብ ሲሆን ይህን ሥርዓት እናከብራለን። አባት ሲታመም ግን ማን ያስታምም የሚለው በዝምታ ይወሰናል፤ ዝምታውም ሁልጊዜ ባላገባችው ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ሽማግሌ ባለበት፣ በውጭ ያለውም በስልክ ገብቶ፣ ሰዓቱና ገንዘቡ በአንድ ገበታ ላይ ቀርቦ ቢከፋፈል ጥሩ ነው። በእኛ ቤት ይህን ያደረግነው አጎታችን ባሉበት ነው፤ እህቴም የቅዳሜ ቀኗን ያገኘችው በዚያ ስብሰባ ነው።

የኦቲዝም ልጅ እናት፦

እስካሁን የተጻፈው በአብዛኛው ስለ አረጋውያንና ስለ ስትሮክ ነው። የእኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። የእኛ ማስታመም መጨረሻው አይታይም፤ ጠያቂም አይመጣልንም። ሰው ለታመመ ይመጣል፤ ለእኛ ዓይነቱ ቤት ምን ብሎ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ይቀራል። አንዳንዱም የእርግማን ሥራ አድርጎ ያየዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እርሳቸውም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ ልጆቻችን እየተማሩ እኛ የምንተነፍስበት ቦታ ያስፈልገን እንደነበር ያወቁት ከቤታቸው ነው። ሁሉም ሰው ግን አዲስ አበባ መሄድ አይችልም።

በተረካቢው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። አንደኛ፣ ልጄ አዲስ ፊት በየሳምንቱ ካየ ይረበሻል፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናቶችም እንዲሁ ይመስሉኛል። ዕድሩ ሃያ አባል በተራ ከሚልክልን ሁለት የታወቁ ሰዎች ተመድበው ቀስ በቀስ ቢለመዱ ይሻላል፤ መጀመሪያ እኔ እያለሁ ይምጡ፣ ከዚያ ጓዳ ልግባ፣ ከዚያ ከግቢ ልውጣ። ሁለተኛ፣ እባካችሁ የማስታመሙን ድካም ከገጠር በመጣች ትንሽ ልጅ ላይ አንጫን። "ትምህርት ቤት እናስገባታለን" ተብላ የመጣች የዘመድ ልጅ ሌሊት አያት ስታገላብጥ እያደረች ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋበትን ቤት አውቃለሁ። ያቺ ልጅም በዚህ ክር ውስጥ የምንነጋገርላት አስታማሚ ናት፤ እንደውም ከሁላችንም በላይ ድምፅ የሌላት እርሷ ናት።

ከታቦር ግርጌ፦

የመጨረሻውን ያነሳሽው መልካም አደረግሽ። እኔ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። መምህራን የሆናችሁ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስታዩ ከመቅጣታችሁ በፊት ቤቱ ማን እንደታመመ ጠይቁ።

የዕድር ጸሐፊ፦

በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ይህን ክር ከኮሚቴው አባላት ጋር አንብበነዋል። ሐሳቡን ወደነዋል፤ ሆኖም አስቸጋሪው ነገር የት እንዳለ ሳልደብቅ ልጻፍ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ለቅሶ ቀኑ የተወሰነ ስለሆነ ወጪው ይታወቃል፤ ሕመም ግን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለሕመም በየወሩ ገንዘብ እንክፈል ብንል ካዝናው ባዶ ይሆንና ለቀብር የሚሆን ይጠፋል፤ አባላትም ይጣላሉ። ሁለተኛው ገመና ነው። ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛው ሽንቱን ሲስት፣ አእምሮው ሲለወጥ፣ ጎረቤት እንዲያይ አይፈልግም። ሕመምተኛው ራሱ ትናንት የተከበረ ሰው ነበር፤ ዛሬ የዕድር ጓደኛው ገላውን እንዲያጥበው እንዴት ይፈቅዳል? ይህን ስሜት ልናከብረው ይገባል። ሦስተኛው፣ አባሉ ሁሉ ኑሮ ያሯሯጠው ነው።

ከዚህ ተነሥተን ያሰብነው፣ ገንዘብ ሳይሆን ሰዓት እንዲዋጣ ነው። ሰውነትን በማይነካ ሥራ እንጀምር፤ መድኃኒት ቤት መሰለፍ፣ ለክትትል ቀን ባጃጅ ይዞ መምጣትና ሕመምተኛውን መደገፍ፣ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ማድረስ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ማጠብ፣ የጤና መድን ዕድሳት ቀኑ ሳያልፍ ቀበሌ ሄዶ ማስጨረስ። ቤተሰቡ ሲለምድና ሲፈቅድ ደግሞ ከሕመምተኛው ጋር መቀመጥ ይከተላል። ማጠቡንና መቀየሩን ለዘመድ እንተወው።

ጡረተኛው ከሐይቅ ዳር፦

የዕድሩ ጸሐፊ ስለ ገመና የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚታለፍ መሆኑን የማውቅበት ዘመን አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ በየከተማው ሰዎች በቤታቸው ውስጥ ያልቁ ነበር፤ ሰውም ፈርቶ ይሸሻቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የዕድርና የሃይማኖት ተቋማት በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር፤ ያጥቡ ነበር፣ ያበሉ ነበር፣ ቁስል ያክሙ ነበር። እኔም በዚያ ሥራ በአስተባባሪነት ነበርኩበት። ሦስት ነገር በጣም ይጠበቅ ነበር። ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ሴትን ሴት ወንድን ወንድ መርዳት፣ በቤቱ ያዩትን ከበሩ ውጪ አለማውራት። ወሬ ያወጣ ሰው ከሥራው ይሰናበት ነበር። ሕዝቡ ገመናውን የከፈተው ይህን ካየ በኋላ ነው። ያን ያህል አስፈሪ በነበረ በሽታ ጊዜ የተቻለ ነገር ለስትሮክና ለመርሳት በሽታ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ልጄ ከታቦር ግርጌ፣ ዕድሜዬ ቢገፋም ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብሎ ማጫወት እችላለሁ፤ ስሜን መዝግቡኝ።

የውስጥ ደዌ ነርስ፦

ተተኪ ሰው ሲመጣ አስታማሚዋ ልቧ ቤት ቀርቶ እንዳትወጣ፣ የርክክብ ወረቀት ያስፈልጋል። በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍና አልጋው አጠገብ ይሰቀል፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት፤ በመጨረሻ የተገላበጠበት ሰዓትና ጎን፤ ምግቡ የላላ ይሁን የጠነከረ፤ አስታማሚዋና ሐኪም ቤት የሚገኙበት ስልክ። መዋጥ የሚያስቸግረውን የስትሮክ ሕመምተኛ በጀርባው አስተኝቶ ውኃ ማጠጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረስ፣ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይቆይ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ እጁ ቢዝል፣ ንግግሩ ቢጎተት ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የመርሳት በሽታ ላለባቸው ደግሞ የሚያረጋጋቸውን ነገር ጻፉ፤ የሚወዱት መዝሙር፣ የሚይዙት ነጠላ፣ የሚያወሩት የልጅነት አገር። ከሞቱ ዘመናት ያለፏቸውን እናታቸውን "የት ሄዱ?" ብለው ቢጠይቁ "ሞተዋል እኮ" ብሎ መርዶ ከመንገር "እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብሎ ማጫወት ይሻላል። ወደ ምሽት ሲጠጋ ብዙዎቹ ይረበሻሉ፤ ስለዚህ አዲስ ተረካቢ በጠዋት እንጂ በዚያ ሰዓት አይጀምር።

የዕድር ጸሐፊ፦

ከሁላችሁ ሐሳብ ተነሥተን ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የደንብ ማሻሻያ ረቂቅ እዚህ አሰፍራለሁ፤ የሌላ ዕድር ሰዎችም እንደሚስማማችሁ አድርጋችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

"በቤቱ በሕመም፣ በእርጅና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የማያቋርጥ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው ያለው አባል፣ ሲጠይቅ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ተረካቢ ይመደብለታል። ለአንድ ቤት የሚመደቡት ተረካቢዎች ሁለት ሆነው በቤተሰቡ የተመረጡ ይሆናሉ፤ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድም አይቀየሩም። ተረካቢ ሆኖ ያገለገለ አባል ሰዓቱ ይመዘገብለታል፤ በዚያ ወር ከሚደርስበት የለቅሶ ቤት የሥራ ተራም ነፃ ይሆናል። በቤቱ ያየውን ያወራ ተረካቢ በዕድሩ ዳኛ ፊት ይጠየቃል። ተረካቢ ቡናም ምሳም አይቀርብለትም።"

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስጨመሩት የኮሚቴያችን ሴቶች ናቸው፤ ሳይጻፍ ከቀረ አስታማሚዋ ማፍላቷን አትተውም ብለው።

የፈረቃ ሠራተኛ፦

ጋሼ፣ ረቂቁን አነበብኩት፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ሌሊቱስ? እኔን የሚገድለኝ ሌሊቱ ነው።

የዕድር ጸሐፊ፦

እህቴ፣ ሌሊቱን በዚህ ደንብ ውስጥ ያላስገባነው ሆን ብለን ነው። ሰው ቀን ውሎ ሌሊት ሰው ቤት ማደር ይከብደዋል፤ ከጀመርን በኋላ የማንፈጽመው ነገር ከሆነ ደግሞ ሌላውም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር አስበናል። የአንቺን ዓይነት ቤት የጠዋት ተረካቢ እንዲመደብለትና ሌሊት ያጣሽውን እንቅልፍ በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል ወይም በጎረቤት ቤት እንድትተኚ፤ ይህ ሙሉውን አይተካም፤ ያለን አቅም ይህ ስለሆነ ግን እንጀምርበት። ከዚህ ጋር የዕድራችን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ፈቃድሽ ከሆነ ወንድሞችሽን ይጠራሉ። ሦስት ወንዶች ልጆች ባሉበት ቤት በሳምንት ጥቂት ሌሊት አባታቸው ዘንድ ማደር የሚቻል ይመስለናል። የአባትሽን ስምና ቀበሌውን በግል መልእክት ላኪልኝ፤ የሚቀጥለው ስብሰባችን የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።